የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ኖት» የሚለው የመርከበኞች ቃል ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ስለ መርከብና ስለ ማዕበል በሚወጡ ዘገባዎች ላይ «በ20 ኖት ፍጥነት» የሚል አነጋገር ዘወትር አነባለሁ። አንድ ወዳጄ ኖት ማለት ቋጠሮ እንደ ሆነና መርከበኞች በጥንት ጊዜ የገመድ ቋጠሮ እየቆጠሩ ፍጥነት ይለኩ እንደ ነበር ነገረኝ። ለእኔ ግን ቃሉ ከተለመደ በኋላ የተፈጠረለት ተረት መሰለኝ። እውነቱ የትኛው ነው? «20 ኖት በሰዓት» ማለትስ ትክክል ነውን? ኪሎ ሜትር እያለ እስከ ዛሬ በዚህ የሚለኩትስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ወዳጅዎ የነገሩዎት እውነት ነው። መጠርጠርዎ ግን ተገቢ ነው፤ ስለ ቃላት አመጣጥ የሚነገር ለጆሮ የሚጥም ታሪክ ሁሉ ሊመረመር ይገባዋል፤ በተለይ የባሕር ቃላት ኋላ የተፈበረከ ታሪክ ይበዛባቸዋል። የዚህ ቃል መሣሪያ ግን ዛሬም በባሕር ሙዚየሞች ተቀምጦ የሚታይ፣ አሠራሩም በመርከበኞች ማስተማሪያ ጽሑፎች ከነልኩ ተዘርዝሮ የተጻፈ በመሆኑ፣ አመጣጡ የሚያከራክር አይደለም።

በእንግሊዝኛ ኖት ማለት በገመድ ወይም በክር ላይ የሚታሰር ቋጠሮ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ «ክኖታ» ነበር፤ ዛሬ ሲጻፍ ብቻ የሚታየውና በንግግር የተዋጠው የመጀመሪያ ፊደል ያን ጊዜ ይነበብ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሌሎች ሕዝቦች በዚህ መለኪያ ሲጠቀሙ የእንግሊዝኛውን ድምፅ አለመዋሳቸው ነው። ፈረንሳዩም፣ ስፔኑም፣ ጣሊያኑም፣ ጀርመኑም፣ ሩሲያዊውም የመርከብን ፍጥነት የሚናገረው በየቋንቋው ቋጠሮ ማለት በሆነው ቃል ነው፤ ዐረቡም እንዲሁ «ዑቅዳ» ይላል። በእነዚያ ቋንቋዎች ቃሉን የሚሰማ ሰው ገመዱን አብሮ ይሰማል። እኛ ድምፁን እንዳለ ስለ ወሰድነው ቋጠሮው ተሰውሮብናል። በዚያ ላይ «ኖት» በአማርኛ ለሙዚቃ ምልክትና ለገንዘብ ወረቀትም ያገለግላል፤ እነዚህ ሁለቱ የመጡት ግን ምልክት ማለት ከሆነው «ኖታ» ከተባለው የላቲን ቃል ስለሆነ፣ ከመርከቡ ኖት ጋር በአማርኛ ፊደል ከመገጣጠም በቀር ዝምድና የላቸውም።

መሣሪያው ሦስት ነገሮች ብቻ ነበሩት፤ አንድ ጣውላ፣ አንድ ረጅም ሲባጎና አንድ የአሸዋ ሰዓት። ጣውላው ከስንዝር ያነሰ፣ የክብ ሩብ ቅርፅ ያለው ሲሆን፣ ቅስት በሆነው ጠርዙ ላይ እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት ይደረግበታል። ውኃ ላይ ሲወድቅ የከበደው ጠርዝ ወደ ታች ስለሚዘቀዝቅ ጣውላው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ጣውላ ደግሞ ውኃውን በሰፊው ገጹ ስለሚገፋ ሲባጎው ሳብ ቢያደርገውም ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም፤ መርከቡ ትቶት ይሄዳል። ከሦስቱ ማዕዘኖቹ የሚነሡ ሦስት አጫጭር ገመዶች ከረጅሙ ሲባጎ ጋር ይገናኛሉ። ከእነርሱ አንዱ የተያያዘው በእንጨት ችንካር ተሰክቶ ብቻ ስለሆነ፣ ልኬቱ ሲያበቃ ሲባጎውን ነጨቅ ማድረግ በቂ ነው፤ ችንካሩ ይነቀላል፣ ጣውላውም ውኃው ላይ ይጋደምና ያለ ብዙ ድካም ይጎተታል። ይህች ችንካር ባትኖር ኖሮ ቀጥ ብሎ የቆመውን ጣውላ በሚሮጥ መርከብ ላይ ሆኖ ስቦ ማውጣት እጅግ አድካሚ በሆነ ነበር።

ሥራው የሦስት ሰው ነው። አንደኛው ሲባጎው የተጠነጠነበትን ማጠንጠኛ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ሁለተኛው የአሸዋ ሰዓቱን ይይዛል፤ ተረኛው መኮንን ጣውላውን ከመርከቡ የኋላ ጫፍ ወደ ባሕር ይጥላል። መርከብ በስተኋላው የሚያናውጠው ውኃ ልኬቱን ስለሚያዛባ የሲባጎው የመጀመሪያ ክፍል ሳይቆጠር እንዲያልፍ ይተዋል፤ የዚህም ክፍል መጨረሻ በብጣሽ ጨርቅ ምልክት ይደረግበታል። ጨርቁ በእጁ ሲያልፍ መኮንኑ «ገልብጥ!» ይላል፤ የአሸዋው ሰዓት ይገለበጣል። ቋጠሮዎቹም ሲባጎው ከማጠንጠኛው በተተረተረ ቁጥር በመኮንኑ ጣቶች መካከል እየተከታተሉ ይሾልካሉ። አሸዋው እንዳለቀ ሰዓቱን የያዘው ሰው «ቁም!» ብሎ ይጮኻል፤ መኮንኑም ሲባጎውን ጨብጦ ያስቆመዋል። ሰባት ቋጠሮ አልፎ እንደ ሆነ መርከቡ የሚጓዘው በሰባት ኖት ነው። ሌላ ስሌት አያስፈልግም።

ቋጠሮ ሲባል ሲባጎው ራሱ ተቋጥሮ ነበር ማለት አይደለም። በሲባጎው ፈትል መካከል ትናንሽ ክሮች ይሻገሩና በሁለተኛው ቦታ ባለው ክር ላይ ሁለት፣ በሦስተኛው ቦታ ባለው ላይ ሦስት እየተባለ ቋጠሮ ይደረግባቸዋል። በዚህም ምክንያት በድቅድቅ ጨለማ እንኳ የቱ ቋጠሮ እንደ ደረሰ በጣት ዳብሶ ማወቅ ይቻላል።

ቁጥሩ ያለ ስሌት በቀጥታ የሚገኝበት ምስጢር በሁለት ልኮች መመጣጠን ላይ ነው። ኋላ ላይ በጸናው ልክ የአሸዋው ሰዓት የሚፈሰው 28 ሰከንድ ነበር፤ በሁለት ቋጠሮዎች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ በእንግሊዞች መለኪያ 47 ጫማ ከ3 ኢንች፣ ማለትም 14.4 ሜትር ነበር። ከፈለጉ ራስዎ ያስሉት፤ በ28 ሰከንድ 14.4 ሜትር የሄደ መርከብ በአንድ ሰዓት፣ ማለትም በ3,600 ሰከንድ፣ 1,851 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። በሌላ አነጋገር 28 ሰከንድ ከአንድ ሰዓት ያለው ድርሻና 14.4 ሜትር ከአንድ የባሕር ማይል ያለው ድርሻ እኩል ስለሆነ፣ በአሸዋው ጊዜ ያለፈው የቋጠሮ ቁጥር መርከቡ በሰዓት ከሚሄደው የማይል ቁጥር ጋር አንድ ይሆናል። መርከቡ እጅግ ሲፈጥን ሲባጎው ቶሎ ስለሚያልቅ በ28ቱ ፋንታ የ14 ሰከንድ ሰዓት ይወጣል፤ የተቆጠረውም በሁለት ይባዛል።

ገመዱና አሸዋው እንዲህ የተስማሙት ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝም ይህ ክፍል ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ቦርን በጣውላና በገመድ ፍጥነት የሚለካበትን ዘዴ በጽሑፍ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1574 ነበር። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ረጅም ጊዜ መርከበኞቹ አንድ ማይል 5,000 ጫማ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ በ30 ሰከንድ ሰዓት እየተጠቀሙ በቋጠሮዎቹ መካከል 42 ጫማ ያህል ብቻ ይተዉ ነበር። ይህ ልክ በጣም ያጠረ ነው። በእውነት በ10 ኖት የሚሄድ መርከብ በዚያ ገመድ ሲለካ 12 ኖት ይወጣዋል፤ በየቀኑ የሚጠራቀመው ስሕተት ካፒቴኑን በውቅያኖስ መካከል ከቦታው ብዙ ማይል ያርቀዋል።

ስሕተቱን በልኬት ያሳየው ሪቻርድ ኖርዉድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1633 ለንደን ላይ፣ በ1635 ደግሞ ዮርክ ላይ የቀትር ፀሐይን ከፍታ ለካ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውንም መንገድ ከፊሉን በሰንሰለት፣ ከፊሉን በእርምጃ ለካው። ከዚህም ተነሥቶ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ በምድር ላይ 367,196 ጫማ እንደሚሸፍን በ1637 አሳተመ። አንድ ዲግሪ በ60 ደቂቃ ይከፈላል፤ የባሕር ማይልም፣ ወደ ታች እንደማስረዳው፣ የአንዱ ደቂቃ ርዝመት ነው። የኖርዉድ ዲግሪ ለ60 ሲካፈል አንዱ ደቂቃ 6,120 ጫማ ያህል ይሆናል፤ በሰንሰለትና በእግር የተገኘው ይህ ውጤት ከዛሬው ልክ የሚለየው ከመቶ አንድ እጅ ባነሰ ነው።

መርከበኞቹ ግን የለመዱትን ገመድ ወዲያው አልተዉም። ለዚህም ምክንያት ነበራቸው። ያጠረው ገመድ መርከቡን ካለበት አስቀድሞ ስለሚያሳይ፣ ካፒቴኑ የብስ ደረስሁ ብሎ መጠንቀቅ የሚጀምረው በእርግጥ ከመድረሱ በፊት ነው፤ የብስን ሳያስቡት በሌሊት ከመጋጨት ደግሞ ቀድሞ መጠበቅ ይሻላል። ፍርሃታቸው መናቅ የለበትም፤ ኬንትሮስን በባሕር ላይ በእርግጠኝነት ማወቅ በማይቻልበት ዘመን ይህ ስሕተት ለነፍስ መጠበቂያ ይሆን ነበር። ውሎ አድሮ ከፊሉን ገመዱን በማስረዘም፣ ከፊሉን የአሸዋውን ጊዜ ከ30 ወደ 28 ሰከንድ በማሳጠር ሁለቱ ተስማሙ። ከተስማሙም በኋላ ጥንቃቄው አልቀረም፤ ሲባጎ ሲረጥብ ይኮማተራል፣ ሲሳብ ይለጠጣል፣ እርጥበት የነካው አሸዋም ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ስለዚህ ሲባጎው ልኩ የሚወጣው ውኃ ከጠጣ በኋላ ነበር፤ ከጊዜ ወደ ጊዜም እንደ ገና ይለካ ነበር።

ከላይ የባሕር ማይል ስል የቆየሁት ከየብሱ ማይል ስለሚለይ ነው። ማይል የሚለው ቃል ሮማውያን ሺህ ለሚለው ቁጥር ከሚጠቀሙበት ቃል የመጣ ሲሆን ሺህ ድርብ እርምጃ ማለት ነበር፤ ዛሬ እንግሊዞችና አሜሪካውያን በየብስ የሚጠቀሙበት ማይል 1,609 ሜትር ያህል ነው። የባሕሩ ማይል ከእርምጃ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የተቀዳው ከምድር ከራሷ ነው። ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ ያለው ርቀት 90 ዲግሪ ኬክሮስ ነው፤ አንዱ ዲግሪ በ60 ደቂቃ ይከፈላል፤ አንዱ ደቂቃ በምድር ገጽ ላይ የሚሸፍነው ርቀት አንድ የባሕር ማይል ነው። እንግዲህ ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ 5,400 የባሕር ማይል ይሆናል ማለት ነው።

ነገር ግን ምድር ፍጹም ድቡልቡል ሳትሆን በዋልታዎቿ በኩል ጠፍጠፍ ያለች ስለሆነች፣ አንድ ደቂቃ በምድር ወገብ አካባቢ 1,843 ሜትር፣ በዋልታዎቹ አካባቢ ደግሞ 1,862 ሜትር ገደማ ነው። አገሮቹ ከመካከሉ እየመረጡ የየራሳቸውን ልክ ያወጡ ነበር፤ እንግሊዞች 6,080 ጫማ፣ ማለትም ከ1,853 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ማይል ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 በሞናኮ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሃይድሮግራፊ ጉባኤ አንድ የባሕር ማይል በትክክል 1,852 ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። ዩናይትድ ስቴትስ ይህን ልክ የተቀበለችው በ1954፣ ብሪታንያ ደግሞ በ1970 ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ እንመለስ። አንድ ኖት ማለት በአንድ ሰዓት አንድ የባሕር ማይል መሄድ ነው። ሰዓቱ በቃሉ ውስጥ ስላለ «20 ኖት በሰዓት» ማለት አያስፈልግም፤ «መርከቡ በ20 ኖት ይጓዛል» ማለት በቂና ትክክለኛ ነው። ቃል በቃል ከተወሰደም «ኖት በሰዓት» ፍጥነቱ በየሰዓቱ እየጨመረ መሄዱን እንጂ ፍጥነትን አይገልጽም። በአሮጌ የመርከብ መዝገቦች ላይ መርከበኞቹ ራሳቸው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ብለው መጻፋቸው እውነት ነው፤ ቋጠሮውን እንደ ማይል ስም አድርገው ስለሚያዩት ነው። ያ ልማድ ዛሬ ቀርቷል፤ በአማርኛም ባይለመድ እመርጣለሁ። ቁጥሩን ወደ ኪሎ ሜትር መለወጥ ሲፈልጉ በ1.852 ያባዙት፤ በአፍ ለመገመት ደግሞ እጥፍ አድርገው ከተገኘው አንድ ዐሥረኛውን ይቀንሱ፤ 20 ኖት በዚህ ዘዴ 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል፤ ትክክለኛው 37 ነው።

እስከ ዛሬ የቆየበት ምክንያትም ከዚሁ ከምድር ልክ የሚመነጭ ነው። በ12 ኖት በቀጥታ ወደ ሰሜን የሚሄድ መርከብ በአምስት ሰዓት 60 የባሕር ማይል፣ ማለትም አንድ ሙሉ የኬክሮስ ዲግሪ ያልፋል። መኮንኑ በካርታው ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ከተጻፈው የኬክሮስ ልክ በኮምፓስ እግሮች ርቀቱን አንሥቶ በጉዞው መስመር ላይ ያሳርፈዋል፤ ሌላ መለወጫ ሠንጠረዥ አይፈልግም። መጠንቀቅ ያለበት ልኩን ካለበት ኬክሮስ ትይዩ ማንሣቱን ነው፤ በባሕር ካርታዎች የተለመደው የመርካቶር አሣሣል ወደ ዋልታ በተጠጋ ቁጥር ገጹን እየለጠጠ ስለሚሄድ ከላይ የተነሣ ደቂቃ ከታች ካለው ይረዝማል። በኪሎ ሜትር የሚሠራ ሰው ይህን ቀጥተኛ መንገድ ያጣል። አውሮፕላንም በሉል ላይ ረጅም መንገድ የሚጓዝ፣ ቦታውንም በኬክሮስና በኬንትሮስ የሚናገር ስለሆነ አብራሪዎች ኖትንና የባሕር ማይልን ከመርከበኞች ወረሱ፤ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ሁለቱ መለኪያዎች የሚቀሩበትን ቀን ሳይወስን እንዲያገለግሉ ፈቅዷል።

ነፋስም እንዲሁ ነው። በአየር ጠባይ ካርታዎች ላይ ነፋስ የሚሣለው ጅራቱ ላይ ሰረዞች ባሉት ዘንግ ሲሆን፣ አጭሩ ሰረዝ 5 ኖት፣ ረጅሙ 10 ኖት፣ ሦስት ማዕዘኗ ባንዲራ 50 ኖት ነው። አንድ ባንዲራ፣ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ሰረዝ ያለበት ዘንግ 65 ኖት ነፋስ ያመለክታል፤ ነፋሱ 64 ኖት ከደረሰ ማዕበሉ ሃሪኬን ይባላል።

ጥያቄ፦ የመርከብ የጉዞ መዝገብ «ሎግ ቡክ» የሚባለው ለምንድን ነው? ኮምፒውተር ላይ «ሎግ ኢን» ከምንለው ጋር ይዛመዳል ወይስ መመሳሰል ብቻ ነው? የሒሳቡ ሎግስ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከላይኛው ጋር በመጣጣሙ አብሬ ልመልሰው ወደድሁ፤ ሎግ የሚባለው ያው ከመርከቡ ኋላ የሚጣለው ጣውላ ነውና። ቃሉ በእንግሊዝኛ ግንድ ወይም የእንጨት ጉማጅ ማለት ነው። የቋጠሮው ገመድ በሌለበት ጊዜ የእንጨት ቁራጭ ከመርከቡ የፊት ጫፍ ወደ ውኃው ይጣልና የኋላው ጫፍ እስኪያልፈው ያለው ጊዜ ይቆጠር ነበር። 30 ሜትር ርዝመት ያለው መርከብ ቁራጩን በ10 ሰከንድ ካለፈው በሰከንድ 3 ሜትር፣ ማለትም 6 ኖት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ፍጥነት አለው። ይህ ዘዴ መሣሪያ ለተበላሸበት ሰው ዛሬም ያገለግላል።

በገመድ የተለካው የኖት ቁጥር ጠፍቶ እንዳይቀር መኮንኑ ወዲያው በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፈዋል። ሰሌዳው በየሰዓቱ የተከፈለ ሲሆን የኖቱ ቁጥር፣ መርከቡ የያዘው አቅጣጫ፣ የነፋሱ ሁኔታና የታየው ነገር ሁሉ በየዓምዱ ይገባበታል። በማግሥቱ ሰሌዳው ወደ መጽሐፍ ይገለበጥና ለአዲሱ ቀን ይጠረጋል። የሎጉ ልኬት የሚጻፍበት መጽሐፍ የሎግ መጽሐፍ ተባለ፤ በውስጡም የታመመ፣ የሞተ፣ የተቀጣ መርከበኛ፣ የተቀደደ ሸራ፣ የታየ ደሴት ሁሉ ስለሚመዘገብ ስሙ ከልኬቱ አልፎ ለማንኛውም ቀን በቀን ለሚያዝ መዝገብ ሆነ። አውሮፕላኖችም የበረራ ሎግ ቡክ ያዙ።

ኮምፒውተሮች ሲመጡ መሣሪያው የሠራውን በጊዜ ቅደም ተከተል የሚጽፍበት ፋይል ሎግ ተባለ፤ ተጠቃሚው ሲገባም መግባቱ ስለሚመዘገብ «ሎግ ኢን» ሆነ። በድረ ገጽ ላይ በየቀኑ የሚጻፍ ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1997 «ዌብሎግ» የሚል ስም ወጣለት፤ በ1999 አጥሮ «ብሎግ» ሆነ። የጠየቁት ዝምድና እንግዲህ መመሳሰል ብቻ ሳይሆን ቀጥተኛ የዘር ሐረግ ነው፤ የይለፍ ቃል ስናስገባ የምንጠቀምበት ቃል በእርሳስ የከበደው ያ ጣውላ ነው። የሒሳቡ ሎግ ግን ባዕድ ነው፤ የሎጋሪዝም ማሳጠሪያ ሲሆን፣ ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒየር እ.ኤ.አ. በ1614 ባሳተመው ሥራው ከሁለት የግሪክ ቃላት፣ ከ«ሎጎስ»ና ከ«አሪትሞስ»፣ አጋጥሞ የፈጠረው ነው።

መርከቦች ጣውላውን ትተው ሌላ መሣሪያ ሲይዙም ስሙን አልተዉም። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ማሲ እ.ኤ.አ. በ1802 ከመርከብ በስተኋላ እየተጎተተ የሚሽከረከር መሣሪያ ፈጠረ፤ ቶማስ ዎከር በ1861 አሻሻለው። ዙሩ በጥርሶች እየተቆጠረ የተኬደውን ማይል ስለሚያሳይ አሸዋና ቋጠሮ አያስፈልግም። ዛሬ በመርከብ ሆድ በኩል የሚተከሉትና በኤሌክትሮማግኔት ወይም በድምፅ ሞገድ የሚሠሩት የፍጥነት መለኪያዎችም ሎግ ነው የሚባሉት።

ጥያቄ፦ ጂፒኤስ ያለው መርከብ ሎግ ለምን ያስፈልገዋል? ሁለቱ የተለያየ ኖት ሲያሳዩ የትኛው ይታመናል?

መልስ፦ ሁለቱም ይታመናሉ፤ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ጣውላው በውኃው ላይ ስለሚቆም ገመዱ የሚነግረን መርከቡ ከውኃው አንጻር ምን ያህል እንደሚሄድ ነው። ውኃው ራሱ የሚሄድ ከሆነ ጣውላውም አብሮ ይሄዳልና ገመዱ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ጂፒኤስ የሚለካው ከምድር አንጻር ነው። በ10 ኖት የሚሄድ መርከብ 3 ኖት የሚፈስስ ውኃ ከፊቱ ቢገጥመው ሎጉ 10፣ ጂፒኤሱ 7 ያሳያል። መቼ እንደሚደርስ ለማወቅ የሚጠቅመው 7ቱ ነው፤ መርከቡን ለመንዳት ግን 10ሩ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መሪው የሚታዘዘው በላዩ ላይ በሚያልፈው ውኃ ኃይል ነው። ሞተሩ ቆሞ ከውኃው ጋር በ3 ኖት የሚንሳፈፍ መርከብ በጂፒኤስ ሲታይ የሚጓዝ ይመስላል፤ መሪውን ቢያዞሩት ግን አይታዘዝም።

ይህ ልዩነት በአሸዋው ሰዓት ዘመን መርከቦችን ብዙ አስቸግሯል። በ18ኛው መቶ ዓመት ከእንግሊዝ ወደ ኒው ዮርክ የሚሄዱ የፖስታ መርከቦች ከነጋዴ መርከቦች ይልቅ ሁለት ሳምንት ያህል ለምን እንደሚዘገዩ ሲጠየቅ፣ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የፖስታ ኃላፊ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ምክንያቱን ያገኘው የዓሣ ነባሪ አዳኞችን ባሕር ከሚያውቀው ከዘመዱ ከካፒቴን ቲሞቲ ፎልገር ነው። የፖስታ መርከቦቹ ገልፍ ስትሪም የሚባለውን፣ በአንዳንድ ቦታ ከ4 ኖት በላይ የሚፈስሰውን የአትላንቲክ ውኃ ፊት ለፊት እየተጋፈጡ ይጓዙ ነበር፤ ገመዳቸው ግን በጥሩ ፍጥነት ላይ እንዳሉ ይነግራቸው ነበር። ነፋሱ ደካማ ሲሆን በውኃው ላይ ወደ ፊት የሄዱትን ያህል ውኃው ራሱ ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል።

የተሳሳተው ገመድ ግን ኋላ ጠቃሚ ምስክር ሆኗል። ካፒቴኑ በሎግ ቆጥሮ የገመተው ቦታና በፀሐይ ወይም በከዋክብት ያገኘው እውነተኛ ቦታ ካልተገጣጠሙ፣ የልዩነቱ አብዛኛው ክፍል ውኃው መርከቡን የወሰደው ርቀት ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ማቲው ፎንቴይን ሞሪ እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ ጀምሮ በመጋዘን የተከማቹትን የሎግ መጻሕፍት አስገልጦ፣ ከየመርከቡ መዝገብ ይህን ልዩነትና የነፋሱን ሁኔታ እያወጣ በካርታ ላይ አሰፈረ። የመጀመሪያው የነፋስና የባሕር ፍሰት ካርታው በ1847 ታተመ፤ ካርታውን ለሚፈልጉ ካፒቴኖችም በልዋጩ የየራሳቸውን ጉዞ በተወሰነለት ዓምድ መዝግበው እንዲልኩለት ይጠይቃቸው ነበር።